ስማችን፣ ሰዓታችን፣ ጓዛችን

(ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ወላጆችና ለሚሸኟቸው ቤተሰቦች አዲስ አበባ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ከመጠነኛ እርማት በቀር እንደተነገረ የተጻፈ ነው።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ! ለመንገድ የተነሳችሁትን ሁሉ በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልሳችሁ።

ፓስፖርታችሁንና ቲኬታችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ ተነግሯችሁ ነበር። ይዛችኋል? ጥሩ። ለጊዜው ከቦርሳ አታውጡት፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ከእናንተ መካከል አውሮፕላን የሚፈራ አለ? እጃችሁን አውጡ እስቲ። ብዙ ናችሁ! እኔ የምፈራላችሁ ግን አውሮፕላኑን አይደለም። የመንገደኛ ጉዞ የሚበላሸው ከቤቱ ወጥቶ ቀበቶ እስኪያስር ድረስ ባሉት አራት አምስት ሰዓታት ውስጥ ነው። ሻንጣ በሰው ፊት የሚዘረገፈው ያኔ ነው። በርበሬና ሽሮ መሬት ላይ የሚቀረው ያኔ ነው። «እማማ፣ በረራዎ እኮ ትናንት ሄዷል» የሚባለውም ያኔ ነው።

ለምን ይሆናል ይሄ? ሠራተኛው ክፉ ሆኖ ነው? አንዳንዱ ትዕግሥት ያንሰው ይሆናል፤ አልክድም። ዋናው ምክንያት ግን የአየር መንገዱ ኮምፒውተር ስማችንን አያውቀውም፣ ሰዓታችንን አያውቀውም፣ ጓዛችንንም አያውቀውም። እኛ በወጋችን እንሄዳለን፤ እሱ በደንቡ ይጠብቀናል፤ ቦሌ በር ላይ እንጋጫለን። የዛሬው ነገሬ በእነዚህ በሦስቱ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ፣ ጥፋቱ ከእናንተ ሳይሆን ሲቀር ምን መጠየቅ እንደምትችሉ እናገራለሁ።

በስም ልጀምር።

እኛ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ፈረንጅ «የቤተሰብ ስም» የሚለው በእኛ ወግ የለም። ቲኬት የሚቆርጠው ኮምፒውተር ግን ሁለት ሣጥን ብቻ ይሰጣል፤ አንዱ ለቤተሰብ ስም፣ አንዱ ለመጠሪያ ስም። አሜሪካ ያለው ልጅ ቲኬት ሲገዛ የእናቱን የአባት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ያስገባል። ፓስፖርቱ ግን በዚያ ቦታ የአያቷን ስም ይዟል። ሁለቱ ወረቀቶች መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሁለት ሴቶች ይመስላሉ።

ፊደሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ይጻፋል? መጨረሻው ላይ አንዱ ዋይ ያደርጋል፣ አንዱ አይ ያደርጋል። «ገብረ ሥላሴ»ን አንዱ አጣብቆ፣ አንዱ ለይቶ ይጽፈዋል። ለእኛ ያው አንድ ሰው ነው። ማሽን ግን ፊደል እንጂ ሰው አያውቅም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ፓስፖርታችሁ ላይ ፎቶ ያለበት ገጽ ግርጌ ሁለት መስመር የተደረደረ ጽሑፍ አለ፤ እያንዳንዱ መስመር 44 ምልክት አለው። የላይኛው መስመር በፒ ፊደል ይጀምርና በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ኢ ቲ ኤች የሚሉ ፊደሎች ይከተላሉ። ቀጥሎ ስም ይመጣል፤ ከዚያ ሁለት የቀስት አፍ የሚመስሉ ምልክቶች። ከሁለቱ ቀስቶች በፊት ያለው፣ ለማሽኑ፣ የቤተሰብ ስም ነው። ከሁለቱ ቀስቶች በኋላ ያለው መጠሪያ ስም ነው። አንድ ቀስት ብቻ ባለበት ቦታ ክፍተት አለ ማለት ነው። ስለዚህ ቲኬት ለሚገዛላችሁ ልጅ ስማችሁን በስልክ አትንገሩት። የዚያን ገጽ ፎቶ ላኩለት፤ ከግርጌው መስመር ፊደል በፊደል ይገልብጥ።

ቲኬቱ ሲመጣ ስማችሁ ያለ ክፍተት ተጣብቆ፣ መጨረሻው ላይም ሚስተር ወይም ሚስስ የሚለው ተለጥፎበት ብታዩ አትደንግጡ፤ እሱ የሲስተሙ አጻጻፍ ነው። መደንገጥ ያለባችሁ ፊደል ሲለወጥ፣ ስም ሲጎድል ወይም ቦታ ሲቀያየር ነው። ያኔ የሚያርመው ቲኬቱን የሸጠው ነው። ከኤጀንሲ የተገዛ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኤጀንሲው ራሱ ነው ማረም ያለበት። አሁን አስቡት፤ በረራው ሌሊት ነው፣ ኤጀንሲው ማታ ዘግቶ ገብቷል፣ እናንተ ቦሌ ቆማችኋል። ማን ያርምላችኋል? ለዚህ ነው ቲኬት በተገዛ ዕለት ይነበብ የምለው። ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ ለሚደረግ በረራ ደግሞ አንድ ጥሩ ደንብ አለ፦ ቲኬቱ ከአየር መንገዱ በቀጥታ ከተገዛና ለጉዞው 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከቀረ፣ አየር መንገዱ ወይ ሳይከፈለው ለ24 ሰዓት ሊይዘው፣ ወይ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ሊሰርዘው ይገደዳል።

በስም ጉዳይ አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ይዛ የምትሄድ እናት! በእኛ አገር የእናትና የልጅ ስም አይገጥምም፤ ልጁ በአባቱ ነው የሚጠራው። የውጭ አገር ድንበር ጠባቂ ይህን አያውቅም፤ «ይህ ልጅ የማን ነው?» ይላል። የተተረጎመ የልደት የምስክር ወረቀት ያዢ። አባት አብሮ የማይሄድ ከሆነ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤም ያዢ። በእጅ ቦርሳሽ፣ አደራ፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳይሆን።

ቪዛን በአጭሩ ልለፈው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቪዛችሁን ደጋግማ የምታየው በእናንተ ስለጨከነች አይደለም። ሰነድ ያልተሟላለትን መንገደኛ የጫነ አየር መንገድ ይቀጣል፤ ሰውየውንም መልሶ ያመጣል። ትራንዚት ላይ ግን ብዙ ሰው ይወድቃል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሼንገን አገሮች፣ በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ማለት ነው፣ ለምሳሌ በፍራንክፈርት፣ ከኤርፖርቱ ሳይወጣ አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የጸና የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ከዚህ ነፃ ነው። ስለዚህ ርካሽ ቲኬት ስታገኙ መጀመሪያ «በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» በሉ። ወደ ሕንድ ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካ የምትሄዱ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋችኋል፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። እናቶቼ፣ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ብዙ እንባ ያየሁት በዚህ ነው።

ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ሰዓቱን መለወጥ ቀላል ነው። ከ07 እስከ 18 ያለው ላይ 6 ቀንሱ፤ 13:00 ማለት ቀን 7 ሰዓት ነው። ከ19 እስከ 23 ያለው ላይ 18 ቀንሱ፤ 22:45 ማለት ማታ 4 ሰዓት ከ45 ነው። ከ00 እስከ 06 ያለው ላይ 6 ጨምሩ፤ 00:35 ማለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ35 ነው። ይህን አብዛኛው ሰው ይችለዋል።

ሰው የሚሳሳተው በቀኑ ነው። ለፈረንጅ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ለእኛስ? ለእኛ ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ የዋለው ቀን ነው። እንግዲህ ቲኬታችሁ ጁላይ 15፣ ማክሰኞ፣ 00:35 ይላል እንበል። ጁላይ 15 ሐምሌ 8 ነው። ሰውየው ካላንደሩ ላይ ሐምሌ 8ን ያከብበታል። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ይሰናበታል፣ ማታ ራት ይበላል፣ መኪና ይነሳል፣ ቦሌ ይደርሳል። አውሮፕላኑ ግን ሄዷል! የሄደው እኛ «ሰኞ ሌሊት» በምንለው ጊዜ ነው። ሰውየው አልዘገየም፤ በአገሩ አቆጣጠር ልክ ነበር፤ ግን 24 ሰዓት ሙሉ አልፎታል። ቲኬቱ ሳይናገር የቀረ መንገደኛ ቲኬት ይሆናል፤ ቅጣት ይጨመርበታል፤ የመመለሻውም በረራ አብሮ ሊሰረዝ ይችላል፤ ምክንያቱም ሲስተሙ የመጀመሪያውን ያልተጠቀመ ሰው ቀሪውንም አይጠቀምም ብሎ ይወስዳል።

ስለዚህ በ00፣ በ01፣ በ02 የሚጀምር ሰዓት ካያችሁ፣ ቲኬቱ ከሚለው ቀን በፊት ባለው ማታ ከቤት ትወጣላችሁ። ከሚለው ቀን በፊት ባለው ማታ! ልጆች፣ ለእናታችሁ በወረቀት ጻፉላት፦ «ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ከቤት ትወጫለሽ።» የበረራውን ሰዓት ሳይሆን ከቤት የምትወጣበትን ሰዓት ጻፉላት።

ለምን ያን ያህል አስቀድሞ? ወደ ኋላ ቆጥሩት። በብዙ አየር መንገዶች የቼክ ኢን መስኮት የሚዘጋው ከበረራው 60 ደቂቃ በፊት ነው። የመሳፈሪያው በር ደግሞ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል። ቦሌ ላይ ገና በር ላይ ሻንጣችሁ በማሽን ያልፋል፤ ጫማና ቀበቶ ይወልቃል። ቀጥሎ ቼክ ኢን፣ ቀጥሎ ኢሚግሬሽን፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ፍተሻ። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ በረራ መሳፈሪያው ላይ ሌላ ፍተሻ ሊኖር ይችላል። ቦርዲንግ ፓሳችሁ፣ የመሳፈሪያ ወረቀታችሁ፣ ላይ ኤስ የሚል ፊደል አራት ጊዜ ተደርድሮ ካያችሁ ለተጨማሪ ፍተሻ ተመርጣችኋል ማለት ነው፤ ቦርሳ ተከፍቶ፣ ስልክ በርቶ ይታያል። ወንጀል አልሠራችሁም፤ ጊዜ ብቻ ይወስዳል። በተለይ ለአሜሪካ በረራ 4 ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ።

ሸኚዎችስ? እንግዲህ እንነጋገር። አንድ መንገደኛ በሦስት መኪና እንሸኛለን፤ ወጋችን ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ሸኚ ተርሚናሉ ውስጥ አይገባም። ስንብቱ መኪና ማቆሚያው ላይ ሲሆን፣ ፎቶ ሲነሳ፣ ምርቃት ሲረዝም፣ የዘገየችው አክስት ስትጠበቅ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ያቺ አንድ ሰዓት ከፍተሻው ሰልፍ ላይ የተወሰደች ናት። ምርቃቱን ቤት እንጨርስ። ቦሌ ላይ አቅፎ መልቀቅ ብቻ ይሁን።

ሦስተኛው ጓዝ ነው።

ወደ አሜሪካ የሚሄድ የኢኮኖሚ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚፈቀድለት ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ 158 ሴንቲሜትር። ወደ ሌላ አገር የሚሄደው በሻንጣ ቁጥር ሳይሆን በጠቅላላ ኪሎ ሊሆን ይችላል። ቲኬቱ ላይ 2 ፒሲ የሚል ካለ በቁጥር ነው፤ 30 ኬ የሚል ካለ በኪሎ ነው። ልዩነቱ ብዙ ነው! በቁጥር ከሆነ አንዱ ሻንጣ 27፣ ሌላው 19 ቢመዝን ድምሩ 46 ነው፤ ሆኖም 27ቱ ይቀጣል። «ያኛው ጎደሎ ነው እኮ» ማለት አይሠራም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚመዘነው። በዚህ ምክንያት ነው ሰው ሚዛኑ ሥር ቁጭ ብሎ ሻንጣ የሚያገላብጠው። ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ ሻንጣ ደግሞ ቢከፈልበትም አይቀበሉትም፤ የሚያነሳው ሠራተኛ ወገብ ስላለበት ነው።

ቤት ሚዛን ከሌለ? የሰው መመዘኛ ካለ ይበቃል። ሻንጣውን ይዛችሁ ውጡበት፣ ከዚያ ባዶ እጃችሁን ውጡበት፣ ልዩነቱ የሻንጣው ነው። ሚዛን ከሚዛን ስለሚለያይ 22 ላይ አቁሙ። ባዶ ሻንጣ ራሱ 4 ወይም 5 ኪሎ እንደሚመዝን አትርሱ፤ ለዕቃ የሚቀራችሁ 17 ወይም 18 ነው።

አሁን ስለ አደራ ልናገር። መንገደኛ እንዳለ ከተሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል። «ይቺን ለልጄ፣ ይቺን ለእህቴ።» እንቢ ማለት ይከብዳል፤ ነውርም ይመስላል። ግን የሚመጡት መቼ ነው? በመጨረሻዋ ማታ ነው፣ ሻንጣው ከተዘጋ በኋላ! በጨርቅ ተሰፍቶ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ። ኤርፖርት ላይ «ሻንጣውን ራስሽ ነሽ ያሰናዳሽው? ሰው የሰጠሽ ዕቃ አለ?» ስትባሉ ምን ልትሉ ነው? በውስጡ ያለውን ሳታውቁ የእኔ ነው ካላችሁ የተገኘው ሁሉ የእናንተ ይሆናል። በዚህ ሰው ታስሯል። ስለዚህ አደራ የምንቀበለው ከሦስት ቀን በፊት፣ ተከፍቶ፣ በፊታችን ተመዝኖ ነው። የተሰፋ ነገር አንቀበልም። ይህን ማለት ለእናንተ ከከበዳችሁ ልጆቻችሁ ይበሉላችሁ።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ በሶ፣ የተፈጨ ቡና፤ እነዚህ ዱቄት ናቸው። ከ2018 ጀምሮ ከውጭ ተነስቶ ወደ አሜሪካ በሚገባ በረራ፣ በእጅ የሚያዝ ዱቄት ከ350 ሚሊ ሊትር ከበለጠ ለብቻ ይፈተሻል፤ ምንነቱ ካልተረጋገጠ አይገባም። 350 ሚሊ ሊትር ስንት ነው? አንድ የለስላሳ ቆርቆሮ ያህል! በአሜሪካ በረራ በር ላይ የእናት በርበሬ የሚቀረው በዚህ ነው። ዱቄት ሁሉ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ፤ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ። የሕፃን ወተት ብቻ በእጅ ይያዝ።

ማርና ንጥር ቅቤ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ፤ በእጅ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፍም። ጠጅ በሻንጣ አትጫኑ። ጠጅ መፍላቱን አያቆምም፣ ጋዝ ይሠራል፣ ጠርሙሱ ይፈነዳና የሐበሻ ቀሚሱን ሁሉ ያበላሻል። አረቄም እንዲሁ፤ የሚፈቀደው የአልኮል መጠኑ ከ70 በመቶ ያልበለጠ፣ በፋብሪካ የታሸገ መጠጥ ነው፤ የቤት አረቄ በውኃ ኮዳ ይህን አያሟላም። ቋንጣ አሜሪካ ሲደርስ ይወሰድባችኋል፤ ሳታስመዘግቡ ከተገኘባችሁ ትቀጣላችሁ። ያረጀ መስቀል ወይም የብራና መጽሐፍ የያዘ ከቅርስ ባለሥልጣን ወረቀት ሳይዝ ቦሌን አያልፍም።

ፓወር ባንክ! ልጆቻችሁ የሚሰጧችሁ የስልክ መሙያ ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ሊቲየም ባትሪ ከተቀጣጠለ ካርጎ ክፍል ውስጥ ማን ያጠፋዋል? ማሽኑ ካየው ሻንጣው ይወርዳል፤ ወይ በስማችሁ ይጠሩና ያስከፍቷችኋል፣ ወይ ያለ ሻንጣ ትሄዳላችሁ። በእጅ ያዙት፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ይፈቀዳል። አሠራሩ፦ ላዩ ላይ የተጻፈውን ሚሊ አምፔር ሰዓት በ3.7 አባዙ፣ ለ1,000 አካፍሉ። 20,000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ያልፋል። 30,000 የሚለው 111 ነው፤ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ አያልፍም።

ጉልበት የሚያማችሁ እናቶች፣ ዊልቸር ከ48 ሰዓት በፊት ይታዘዝ። ሲታዘዝ ደግሞ ሦስት ዓይነት እንዳለ እወቁ። አንዱ ደረጃ መውጣት ለሚችል ነው፤ ሁለተኛው ደረጃ ለማይችል፣ ሦስተኛው ጨርሶ መራመድ ለማይችል። ልጅ ዝም ብሎ «ዊልቸር» ካለ የሚመዘገበው የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። ከዚያ አውሮፕላኑ ርቆ ይቆማል፣ በአውቶቡስ ይወስዷችኋል፣ ደረጃው ሥር ዊልቸሩ ይቆማል። «ይውጡ እንግዲህ እማማ» ይባላል። ደረጃ የማትችሉ ከሆነ «ደረጃ አልችልም» ተብሎ ይጻፍ። የጾም ምግብም በዚያው ይታዘዝ፤ ቬጀቴሪያን ካላችሁ ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል ቪጋን በሉ፤ ኮዱ ቪ ጂ ኤም ኤል ነው።

አሁን ጥፋቱ ከእናንተ ሳይሆን ሲቀር።

ሁሉን አድርጋችሁ ሻንጣ ላይደርስ ይችላል። አንዱን ምክንያት ልንገራችሁ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉም ሞተሩም ዝቅ ባለ ቦታ የሚያገኙትን ጉልበት እዚህ አያገኙም። ስለዚህ ረጅም የሚበር አውሮፕላን ከዚህ ሲነሳ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት አብሮ አይይዝም። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በመንገድ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ የኖረው፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚመጣው በዚህ ነው፤ የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ከባሕር ወለል በላይ ከ100 ሜትር በታች ነው፣ ንፋሱም ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ያግዛል። እናቶቼ፣ መንገድ ላይ ሲያርፍ «ደረስን» ብላችሁ አትውረዱ! ክብደት ሲበዛም አንዳንድ ሻንጣ ለቀጣዩ በረራ ይቆያል።

ሻንጣ ካልመጣ ከአዳራሹ ሳትወጡ የሻንጣ ጉዳይ መስኮት ሄዳችሁ ሪፖርት አስጽፉ፣ ቁጥሩን ተቀበሉ። ቼክ ኢን ላይ የሚሰጧችሁ ባለ 10 አኃዝ ተለጣፊ ወረቀት ያኔ ነው የሚያስፈልገው፤ አትጣሉት። በ1999 የተፈረመው ዓለም አቀፉ የሞንትሪያል የአየር ጉዞ ስምምነት ይጠብቃችኋል። ሻንጣው ተጎድቶ ከደረሰ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ ከደረሰ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ከ21 ቀን በኋላ ካልመጣ እንደጠፋ ይቆጠራል። የካሣው ጣሪያ ከዲሴምበር 2024 መጨረሻ ጀምሮ 1,519 ኤስ ዲ አር ነው፤ ኤስ ዲ አር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፤ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ወርቅ በሻንጣ አይጫንም የምለው ለዚህ ነው።

ቲኬት እያላችሁ «ቦታ ሞልቷል» ቢሏችሁ አትቆጡ፣ ግን ዝም ብላችሁም አትሂዱ። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ በረራ ከሆነ፣ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሄድ መንገደኛ ካሣው 600 ዩሮ ሊደርስ ይችላል። ከአሜሪካ ስትመለሱ በሰዓቱ ደርሳችሁ ቦታ ከተከለከላችሁና ከ4 ሰዓት በላይ ከዘገያችሁ፣ የአንድ ጉዞ ዋጋችሁ 400 በመቶ፣ እስከ 2,150 ዶላር ድረስ ይከፈላችኋል። «ቫውቸር እንስጣችሁ» ቢሉ ገንዘቡን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከዋሽንግተን ወደ ሌላ ከተማ የምትቀጥሉ፣ ሻንጣው ላይ ዴንቨር ተብሎ ቢለጠፍም ዋሽንግተን ላይ ራሳችሁ ወስዳችሁ በጉምሩክ አሳልፋችሁ መልሳችሁ ታስረክባላችሁ። ሁለቱ በረራ በሁለት የተለያየ ቲኬት ከተገዛ ደግሞ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ኪሳራው የእናንተ ነው። በአንድ ቲኬት ይገዛ።

አሁን ቲኬታችሁን አውጡ። ሁላችሁም። መጀመሪያ ሰዓቱን ተመልከቱ። በዜሮ ዜሮ የሚጀምር ያለው እጁን ያውጣ... አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ሰባት። እናንተ ሰባታችሁ ቅድሚያ ወደዚህ ጠረጴዛ ኑ፤ ከቤት የምትወጡበትን ማታ በአማርኛ እንጽፍላችኋለን። ሌሎቻችሁ ፓስፖርታችሁን ከፍታችሁ የግርጌውን መስመር ከቲኬቱ ጋር፣ ፊደል በፊደል፣ አስተያዩ። ማንበብ ለማይችሉት አጠገባቸው ያሉት ልጆች ያንብቡላቸው።